ግራም ጠርሙስ ሲመርጥ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን ሲፈትሽ ኖረ። የእንጨት ሣጥን ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ሣጥኑ ውስጥ ከአንድ ግራም እስከ አምስት ኪሎ የሚመዝኑ የነሐስ ድንጋዮች በየጎድጓዳቸው ተቀምጠዋል። ሚዛኑ ልክ ከሆነ የእርሳስ ማኅተም ያደርግበታል። ልክ ካልሆነ ይዘጋዋል። ሌላ መንገድ አያውቅም።

ባለሱቆች በስሙ አይጠሩትም። «ግራም» ይሉታል። «ግራም መጣ!» ከተባለ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለ አውራ ጣት ሁሉ ከሚዛን ላይ ይነሣል። ወንበር ያቀርቡለታል፣ አይቀመጥም። ሻይ ያዝዙለታል፣ አይጠጣም። «የባለሱቅ ሻይ የጠጣ ዓይን አጥርቶ አያይም» ይል ነበር። ጡረታ ሲወጣ የከተማውን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ አንዱም ወዳጁ አይደለም። ሚስቱ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ሞታለች። ልጅ አልነበራቸውም።

የቀረው ሾፌሩ ነው።

ሾፌሩ የመሥሪያ ቤቱን መኪና አሥራ ስምንት ዓመት ነድቶለታል። ግራም ውስጥ ሲመዝን እሱ በር ላይ ቆሞ ከባለሱቁ ጋር ይቀልዳል። ወፍራም፣ ሳቁ ከሆዱ የሚነሣ ሰው ነው። ጡረታ የወጡት በአንድ ወር ነው፤ «አለቃ» ማለቱን ግን አልተወም። ቡርቦን የሚሉትን የአሜሪካ ውስኪም ያመጣው እሱ ነው። አንድ ጎረቤቱ ቤት ሲቀይር ትቶለት የሄደውን ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ግራም ቤት ይዞ መጣ።

ግራም አስቀድሞ ጽሑፉን አነበበ። ከበቆሎ የሚወጣ ውስኪ፤ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ በርሜል ዓመታት የተኛ። ከዚያ ቀመሰ። የተቃጠለ ስኳር፣ እንጨት፣ መጨረሻ ላይ ምላስ የሚቆነጥጥ ነገር። ወደደው። ሾፌሩ የሱቅ ዋጋውን ሲነግረው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ይሄን ያህል ያወጣል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አለቃ? ይመዘናላ!»

ተመዘነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ጠርሙስ ይቀርባል፤ ባለፈው ወር ያሸነፈውና አዲስ ተፎካካሪ። ሾፌሩ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋና በሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች ይቀዳል። በአንደኛው ሥር ትንሽ ፕላስተር ይለጥፋል። የቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ግራም ይቀምሳል፣ ውሃ ይጎነጫል፣ እንደገና ይቀምሳል፣ ይፈርዳል። የብርጭቆው ሥር የሚታየው ከፍርዱ በኋላ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። እኩል ጥሞ በዋጋ የረከሰ ያሸንፋል። ሐውልት የሚመስለው ጠርሙስ በባለ ተራ ክዳኑ ሲረታ ሾፌሩ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል። ከዚያ እስኪመሽ ይቀመጣሉ። የሚያወሩት ይኸው ነው፤ መኪና፣ ባለሱቆች፣ የሞቱ አለቆች።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ሾፌሩ ደወለ።

«አለቃ፣ ጉበቴን ዘጉት።»

«ማን?»

«ሐኪሙ ነዋ። ማኅተም ከለከለው። አንዲት ጠብታ ብትገባ ወየውልህ አለኝ። ይግባኝም የለው።»

«ልክ ካልሆነ ይዘጋል» አለ ግራም። 

ሦስት የመጀመሪያ ቅዳሜዎች እንዲሁ አለፉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ጠርሙሶችን የሚጠሩት ላያቸው ላይ ባለው ሥዕል ነበርና፣ የመጨረሻው አሸናፊ «ፋኖሱ» ይባላል። ከፋኖሱ የቀረው ሁለት ጣት ብቻ ነው። በአራተኛው ወር ግራም ተፎካካሪ ሊገዛ ወጣ። ቅዳሜውን ማጣት አልፈለገም። በሳምንቱ ውስጥ፣ በወሩም ውስጥ፣ ሰው የሚገባበት ሌላ ቀን አልነበረውም።

የመጠጥ ሱቁ ባለቤት አርባዎቹን የጀመረች ሴት ናት። ገና ከበሩ አወቀችው።

«ጋሼ ግራም! የእናቴን ሚዛን የዘጉት እርስዎ ነዎት።»

«አርባ ግራም ይበላ ነበር።»

«ሃያ ዓመት አለፈው እኮ!»

«አርባ ግራም ነበር።»

ሳቀች። «ይኸው እኔ በጠርሙስ ነው የምሸጠው። አሁን ምኔን ይዘጋሉ?»

ቡርቦን አላት። ሦስት አወረደችለት። የመጀመሪያው አንገቱ በቀይ ሰም የታሸገ፣ ቡሹ የወፈረ፣ ባለ ሣጥን ነው።

«ይሄ ለትልቅ ሰው ስጦታ ነው።»

«ሰሙን ልጠጣው ነው? መልሺው።»

ሁለተኛውን አገላብጦ አየው። «ዕድሜው የታል? ምን አጥፍቶ ነው የደበቀው?»

«እኔስ ዕድሜዬን የት ጻፍኩ?»

ሦስተኛው ላይ የድልድይ ሥዕል አለ። የሚጠመዘዝ ክዳን፣ ስስ ወረቀት። ስድስት ዓመት ይላል። አልኮሉ ሃምሳ በመቶ። ዋጋው ከባለ ሰሙ ግማሽ አይሞላም። ግራም መነጽሩን ገፋ አድርጎ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«አርባ በመቶ የሚሉት ላይ» አለ፣ «ውሃውን ፋብሪካው ጨምሮባቸዋል። ውሃ ቤቴ አለ። የውሃ ዋጋ ለምን እከፍላለሁ?»

«እኔ ስሸጥ አሥር ዓመቴ፣ እንዲህ ብሎ የገዛኝ የለም። ከማን ጋር ነው የሚጠጡት?»

«ጠቅልዪልኝ» አለ።

ቤቱ ገብቶ ድልድዩን ከፋኖሱ ጎን አቆመው። አልከፈተውም። ዘዴው ሳይፈተሽ ጠርሙስ አይከፈትም። የሚቀዳለት ሰው ስለሌለ ራሱን የሚያታልልበት መንገድ ያስፈልገዋል። ሁለት ብርጭቆዎች በውሃ ሞላ፣ ከአንዱ ሥር ፕላስተር ለጠፈ፣ ትሪ ላይ አስቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ትሪውን አሽከረከረው። አንዱን አነሣ።

ባለ ፕላስተሩ ነው። እጁ አወቀው።

ሞከረ። ትሪውን አብዝቶ አዞረ። ውሃውን በወጥ ቤት ሚዛን አስተካከለ፤ ብርጭቆዎቹ ራሳቸው ሁለት ግራም ይበላለጣሉ። ሌሎች ብርጭቆዎች አወጣ፤ እነሱም በግራም ይበላለጣሉ። ጓንት አጠለቀ። አሥር ጊዜ አነሣ፣ አሥሩንም አወቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያበላው እጅ አሁን አልታለል አለው። ሰው ጠርሙስን ከራሱ መደበቅ አይችልም። ሁለተኛ ሰው ግድ ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩን አነሣ። የሚለውን አዘጋጅቷል፤ «መጥተህ ቅዳልኝ ብቻ። አትቀምስም።»

«አለቃ!» አለ ሾፌሩ። ከበስተኋላው የሚስቱ ድምፅ ተሰማ። «ማነው? ያ ሚዛን ነው? ጠርሙስ ይዞ ከመጣ በሩን አልከፍትም በለው!»

«ሰማሃት?»

«ሰማኋት። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር፤ የሚቀጥለውን ጠርሙስ...»

«ገዛህ እንዴ?» ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ገዛህ? ዕድሜው ስንት ነው? ፐርሰንቱስ? ከፈትከው? ሽታው እንዴት ነው? ልምጣና ልቅዳልህ፣ ለመቅዳት ብቻ፣ አንዲት ጠብታ አልነካም፣ እሷ ትሙት!»

«እኔን ለምን ትገድለኛለህ!» አለች ከሩቅ።

 ግራም ይህን አነጋገር ያውቀዋል። ሣጥኑ ገና ሳይከፈት «ልክ ነው፣ ጌታዬ፣ ልክ ነው» እያለ የሚቸኩል ባለሱቅ አነጋገር ነው። ሚዛኑ ልክ የሆነለት ሰው ዝም ብሎ ይቆማል። ማንም ሳይጠይቀው አይምልም።

ድልድዩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀለሙ ከፋኖሱ ይጠቁራል።

«አልገዛሁም» አለ። «ገና እየመረጥኩ ነው።»

በሥራ ዘመኑ አንዲት ግራም አሳስቶ ጽፎ አያውቅም።

ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ቅር ያለው ይሁን የቀለለው አይታወቅም። ከዚያ ሾፌሩ «ምን ምን አለ?» ሲል ጠየቀ።

ግራም ነገረው። ስለ ባለ ሰሙ፣ ዕድሜውን ስለደበቀው፣ ስለ ድልድዩም እንዳልገዛው አድርጎ። ሾፌሩ ባለ ሰሙን ሰደበ። «ዕድሜ አልባውን ተወው፤ ትልቅ መስሎ የሚዞር ጎረምሳ ነው» አለ። ፋኖሱ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ተከራከሩ። ግማሽ ሰዓት ሞላ። ሚስቱ መጥታ ጠጋ ብላ ያዳመጠች ይመስላል፤ «ያውሩ፣ ወሬ ጉበት አይነካም» ስትል ተሰማ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልክ አሥር ሰዓት ላይ ሾፌሩ ራሱ ደወለ። «መረጥክ?»

«ገና ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ግራም ሱቁ ይሄዳል። መደርደሪያው ፊት ቆሞ የጠርሙሱን ጽሑፍ ያነባል፤ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ፐርሰንቱን፣ ዋጋውን በቁራጭ ወረቀት ይይዛል። አዲስ ካልመጣ የድሮውን ዋጋ ያጣራል። ቅዳሜ የሚያወራው እንዳያልቅበት አንድ አርብ ከሁለት ጠርሙስ በላይ አያነብም።

«ዛሬም ሳይገዙ?» ትለዋለች ባለሱቋ።

«ዛሬም።»

«ጋሼ፣ ሰው ሚስት እንኳ ሲያጭ ይሄን ያህል አያገላብጥም።»

ሁለተኛው ወር ላይ መደርደሪያው ጋ ወንበር አደረገችለት። ቆሞ አነበበ። ባለፈው አርብ ተቀመጠ።

አሁን ሰባት ወሩ ነው። ድልድዩ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነሐስ ድንጋዮቹ ሣጥን ኋላ ነው። አንገቱ ላይ ከሥራ የተረፈች ካርድ በክር ታስራበታለች፤ ላይዋ ላይ «አልተፈተሸም» ይላል። የፋኖሱ ሁለት ጣትም እንዳለ ነው።

ትናንት፣ ቅዳሜ፣ ግራም አዲስ ነገር ነበረው። ባለ መቅዘፊያ ሥዕል፣ ሰባት ዓመት፣ አርባ አምስት በመቶ፣ ዋጋው ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ያለ። ሾፌሩ ስለ ክዳኑ ጠየቀ። ስለ ወረቀቱ ጠየቀ። ያንዷ ዓመት ብልጫ ዋጋውን ታወጣለች አታወጣም በሚለው ላይ ብዙ ቆዩ።

«እና የቱን ልትል ነው?»

«በሚቀጥለው ሳምንት እወስናለሁ» አለ ግራም።

 የሾፌሩ ሳቅ አልመጣም።

«አትቸኩል፣ አለቃ» አለ።

ስልኩ ሲዘጋ አሥር ሰዓት ተኩል ነበር። ለመምሸት ገና ሁለት ሰዓት ይቀራል።