ጠባሳ የሌለው ልብ

ከአዲስ አበባ ስንመጣ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ ረዳቱ የምርመራ ውጤቷን የያዘውን ሰፊ ፖስታ ላስቀምጥልሽ ቢላት እንቢ ብላ እንደታቀፈችው ነው። በጣም ከስታለች፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል።

«የልብሽ ጡንቻ ሳይቆጣ አልቀረም ብለውኝ ነበር» አለችኝ። «ባሌ ይህን ሲሰማ ‹እሷማ አትተርፍም› ብሎ ሌላ ሴት አስገባ። በቁሜ ልብሶቼን ለዘመድ አከፋፈለ።»

«ሐኪሞቹስ ምን አሉሽ?»

«ልቤን በኤምአርአይ ማሽን አዩት። ቁጣው በርዷል፣ ጠባሳም አልተወም። እንዲህ የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይኖራል አሉኝ።» አፏ ሲስቅ ዓይኗ አልሳቀም።

እንጅባራ ስንደርስ እዚያው የምትኖረው እህቷ ደወለች። «የለም ዋጋዬ፣ እዚህ አልወርድም» አለቻት። «አንቺ ጋ አርፋ የምትታመም እህት የለችሽም።»

ባሏ ያለበት ከተማ፣ አዲስ ቅዳም፣ ሲቃረብ መስታወት አውጥታ ዓይኗን ተኳለች፤ ነጠላዋንም አስተካከለች።

«ምን ልትይው ነው?» አልኳት።

«ምንም አልለውም። ከደጁ ፊት ለፊት ቤት እከራያለሁ። እስኪያረጅ ድረስ በየማለዳው በሩን ሲከፍት፣ ቆሜ ያየኛል።»

አውቶቡሱ ቆመ። ሳትቸኩል ወረደች።