የአሥራ አንድ መምህራን ተማሪ

መነጽር ሠሪዋን ወንድሟ «ምዕራፍ አንድ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የመጽሐፍ መደርደሪያዋን አቧራ ሲያራግፍላት ነው። የአብዛኞቹ መጻሕፍት የመጀመሪያ ሃያ ገጽ በእርሳስ ተሰምሮበታል፤ በጠርዙም «ድንቅ ነው!» «ይህን ልብ በይ!» ተብሎ ተጽፎበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ንጹሕ ነው።

«ደራሲዎቹ ሁሉ ሃያኛው ገጽ ላይ ነው እንዴ የሞቱት?» አላት።

ሳቀች። ምን ታድርግ፣ እውነቱን ነው።

በሥራዋ እንዲህ አይደለችም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንዱ መነጽር ቤት ጓዳ፣ ውሃ ከሚንጠባጠብበት መሞረጃ ፊት ተቀምጣ፣ ሌንሱ ከፍሬሙ ጋር ልክክ እስኪል ጠርዙን ስትሞርድ ኖራለች። በሁለት ዓይኖች መካከል ያለውን ርቀት በትንሿ ማስመሪያዋ ስትለካ አንድ ሚሊ ሜትር ስታ አታውቅም ይሏታል። እሷ ግን ሁለት ጊዜ መሳቷን ታውቃለች፤ አንደኛው ሰውዬ እስከ ዛሬ ደረጃ ሲወርድ አየር የሚረግጥ ይመስላታል።

ችግሩ ከሥራ ስትወጣ ነው። ከመነጽር ቤቱ እስከ ቤቷ ድረስ ያሉት የመብራት ምሰሶዎች ሁሉ ማስታወቂያ ይለጠፍባቸዋል፤ እሷ ደግሞ «ለጀማሪዎች» የሚል ቃል ካየች ልቧ ድንግጥ ይላል፣ ሌላው ሰው ቆንጆ ሲያይ እንደሚሆነው። አኮርዲዮንን እንዲህ አገኘችው። ቼዝም፣ ዋናም፣ የመጽሐፍ ጥረዛም፣ ንብ ማነብም እንዲሁ። ንቡ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አልሆነም እንጂ ቀፎው እስካሁን አለ፤ ጫማ ታስቀምጥበታለች። በስድስት ቋንቋ «ባቡር ጣቢያው የት ነው?» ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ መልሱ ግን በአንዱም አይገባትም። «እንኳንም መንገድ አልወጣሁ» ትላለች ይህን ስታወራ፤ «ስድስት አገር ላይ ጠፍቼ እቀር ነበር።»

ሰዎች ቶሎ የምትሰለች ይመስላቸዋል። ተሳስተዋል። አኮርዲዮን በጀመረች ሰሞን ምሳዋን እየተወች ጓዳው ውስጥ ቁልፎቹን በባዶ አየር ላይ ትጫን ነበር። የሱቁ ባለቤት ጣት የሚያንቀጠቅጥ በሽታ የያዛት መስሏቸው ሦስት ቀን ዕረፍት ሰጧት። የያዘችውን ነገር ከልቧ ትወደዋለች፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ሌላ ምሰሶ ላይ ሌላ ወረቀት ታያለች።

ክፋቱ አዲሱን መውደዷ አይደለም፤ የቀድሞውን «በቃኝ» ማለት አለመቻሏ ነው። የመምህሩን ዓይን እያየች «ትቼዋለሁ» ማለት የትዳር ፍቺ መጠየቅ ሆኖ ይታያታል። መምህሩ የሚከፋው፣ ምናልባትም ከዚያ ወዲያ ማስተማሩን እርግፍ አድርጎ የሚተው ይመስላታል። ስለዚህ ሰበብ ትፈጥራለች። ለአኮርዲዮን መምህሯ «ትከሻዬን አመመኝ» አለች። ለዋና አሠልጣኟ «ጆሮዬን ውሃ እንዳይነካው ሐኪም ከልክሎኛል»። ለቼዙ መምህር «ውጭ አገር ሥራ አግኝቼ ልሄድ ነው» ብላ ተሰናበተችው፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት በሰፈሩ አላለፈችም፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ዙሪያ ጥምዝ ነው የምትሄደው። ከቋንቋ መምህራኗ አንዱ ግን «ለምን ሁለት ሳምንት ቀረሽ?» ብለው ድንገት ሲደውሉላት የተዘጋጀ ነገር አልነበራትም። ምላሷ ብቻውን ሄዶ «እናቴ ሞታብኝ» አለ።

ከሳምንት በኋላ ከእኚሁ መምህር በፖስታ አንድ ካርድ መጣላት። በሚያስተምሯት ቋንቋ ገጹ ሙሉ ተጽፎበታል። ማንበብ አልቻለችም። «እናት» እና «ወር» የሚሉትን ቃላት ብቻ ለየች። አፈረችና መሳቢያ ውስጥ ከታ ዘጋችበት።

እናቷ ደግሞ አልሞቱም። ከወንድሟ ጋር ይኖራሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ጤነኛ ናቸው፣ ድምፃቸው እስከ ታች ፎቅ ይሰማል።

እንግዲህ ሃምሳ ዓመት የሚሞላት ቅዳሜ ቀረበ። ወንድሟ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ሲያፌዝባት የሚውል፣ ልቡ ግን ሩኅሩኅ የሆነ ሰው ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ቤቷ በዕቃ እንጂ በሰው አይሞላ፤ አሳዘነችው። ስልክ ልደውልበት ብሎ ስልኳን ተቀበላትና ስሞቹን ሲያይ «መምህር ዋና»፣ «መምህር ቼዝ»፣ «መምህር አኮርዲዮን» እያለ አሥራ አንድ መምህር ተደርድሮ አገኘ። «እነዚህ ናቸው ወዳጆቿ» ብሎ ቁጥራቸውን ሁሉ ገለበጠ። ያገኛቸውን ጋበዘ፤ አራቱ እንመጣለን አሉ።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «የእማዬ የጉልበት ሕመም ጠንቶባታል፣ ብቅ በይ» ብሎ ጠራት። የሥራ ጋዋኗን ሳታወልቅ እየሮጠች ደረሰች። በሩ ሲከፈት ወንድሟ፣ ሚስቱና እናቷ አጨበጨቡ። ጠረጴዛው ላይ ኬክ አለ። ረጅሙ ሶፋ ላይ አራት ሰዎች ለችሎት እንደተሰየሙ ዳኞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ አላወቀቻቸውም። የዋና አሠልጣኟን ደረቅ ሆና አይታት አታውቅማ። ሲገባት ግን እናቷን ትታ እሷ ወንበር ፈለገች።

«እንኳን ደህና መጣሽ! ከውጭ መቼ ገባሽ?» አለ የቼዙ መምህር ተነሥቶ።

«ትናንት» አለች፣ ሳታስበው።

«ከየት ነው የገባሽው?» አለ ወንድሟ ኬክ መቁረጫውን እንደያዘ። «ትናንት መነጽሬን ስታጠብቂልኝ አልነበር እንዴ?»

የዋና አሠልጣኟ፣ ወጣት ናት፣ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጠጋ አለችና ጮክ ብላ «እትዬ! ጆሮዎ አሁን ይሰማል?» አለቻት።

«ይሰማል፣ ይሰማል። ቀስ በይ።»

ይህ ሁሉ ገና ምንም አልነበረም። መነጽር ሠሪዋ ዓይኗን የተከለችው ሶፋው ዳር ላይ በተቀመጡት በቋንቋ መምህሩ ላይ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከረቫታቸውን ያሰሩ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። እናቷ ደግሞ ብስኩት የያዘ ሳህን አንሥተው በቀጥታ ወደ እሳቸው እያነከሱ ነው።

«ይውሰዱ እንጂ፣ ምነው አይበሉም?»

«አመሰግናለሁ። እርስዎ የእሷ ማን ነዎት?»

«እናቷ ነኛ!»

መምህሩ ብስኩቱን አፋቸው ሳይደርስ መለሱት። ቀስ ብለው፣ እንዳያስከፉ ተጠንቅቀው፣ «እንጀራ እናቷ?» አሉ።

«ምን እንጀራ እናት! ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ ሁለት ቀን አምጬ የወለድኳት! አፍንጫዋን አያዩትም?»

 መምህሩ የእናትየውን አፍንጫ አዩ፣ የልጅቱን አፍንጫ አዩ፤ የሚያከራክር አልነበረም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ፤ «ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል ተብዬ ነበር።»

እናቷ ሳህኑን አስቀመጡ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። መነጽር ሠሪዋ በኪሷ ያለችውን ማስመሪያ ጨብጣ ወለሉ ቢውጣት ተመኘች።

«በምንድን ነው የሞትኩት?» አሉ እናቷ።

«በልብ… በልብ ሕመም ነው ያልኩት፣ እማዬ።»

«ልቤ ምን አደረገሽ? የሚያመኝ ጉልበቴ ነው። እገድላለሁ ካልሽ በሚያመኝ አትገድዪኝም?»

ወንድሟ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ሚስቱ አልቻለችም፣ ወደ ማድቤት ሮጠች። ከዚያ በኋላ መደበቅ የለም። መነጽር ሠሪዋ ቆማ አንድ በአንድ ተናገረች፤ ጆሮዋ ደህና መሆኑን፣ ከከተማው ወጥታ እንደማታውቅ፣ ትከሻዋን አንድም ቀን እንዳላመማት። «ሁላችሁም እንዳታዝኑብኝ ብዬ ነው» አለች።

የአኮርዲዮን መምህሯ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አሮጊት፣ ኬካቸውን መብላት ሳያቆሙ «ትከሻሽ ደህና መሆኑንማ ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ» አሉ። «ሳጥኑን በአንድ እጅሽ አንጠልጥለሽ እየዘለልሽ አይደል ደረጃውን የወረድሽው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? የአሥር ሰዓቱ ተማሪ በር ላይ ቆሞ ነበር።»

የዋና አሠልጣኟ ጆሮዬን አመመኝ ብለው የቀሩትን ብቻ ብትሰበስብ አንድ መዋኛ እንደሚሞሉላት ተናገረች። የቼዙ መምህር ይባስ ብሎ ትኩር ብሎ አያትና «ቆይ፣ አንቺ ንግሥቷን ቶሎ የምታስበዪዋ ነሽ ወይስ ያቺ ከተጫወተች በኋላ ሰዓቱን መጫን የምትረሳዋ?» አለ። እንዴት መጣህ ቢሉት፣ የተማሪህ ልደት ሲሉት ውጭ ከሄዱት አንዷ ተመልሳ ይሆናል፣ ኬክም አይጠፋም ብሎ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው ስትል ዳቦ ቤት በዙሪያ ጥምዝ ሄዳለች! ልባቸውን የሰበረች መስሏት ስትጨነቅ ኖራ፣ ለካ ተማሪ ነበረች፤ ተማሪ ይመጣል፣ ተማሪ ይሄዳል። አፈረችም፣ ቅልል አላትም፣ ትንሽም ቅር አላት።

የቋንቋ መምህሩ ግን አልሳቁም። ተነሥተው ለእናቷ እጅ ነሡ፣ «በሕይወት ስላየሁዎት ደስ ብሎኛል» አሉና ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ተከትላቸው ሮጠች። አንደኛ ፎቅ ላይ ደረሰችባቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምለው የለኝም።»

«ሰለቸኝ ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«አልሰለቸኝም ነበር። ሌላ ነገር ወደድኩ እንጂ የእርስዎን አልጠላሁም። ይሄንን እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅበትም፤ በእኛም ቋንቋ አላውቅበትም።»

መምህሩ የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። «ካርዱን አነበብሽው?»

ልትዋሽ አፏን ከፈተች። ዘጋችው። «ማንበብ አልቻልኩም» አለች።

መምህሩ አንድ ጊዜ በአፍንጫቸው ተነፈሱ፤ ሳቅም ይመስላል። «ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «በዚያው ወር የኔም እናት አርፋ ነበር። ሁለታችንም በአንድ ወር እናት አጣን ነው የሚለው። ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር፣ የሚገባው ሰው።»

ደረጃውን ወረዱ። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች። ስትመለስ እናቷ አላነጋገሯትም፤ ግን ትልቁን የኬክ ቁራሽ አስቀምጠውላታል። እስክትጨርሰው ድረስ አጠገቧ ተቀመጡ።

በማግሥቱ እሑድ ያልመጡትን ሰባት መምህራን ስልክ ደወለችላቸው፣ እውነቱን ልትነግራቸው። ሁለቱ ጭራሽ አላስታወሷትም። ንብ አናቢው ቀፎውን መልሺ አሏት። የመጽሐፍ ጠራዡ ቁጥር ለአንድ ጎሚስታ ተላልፎ ኖሯል፤ ሰውዬው የይቅርታዋን ቃል ከዳር እስከ ዳር በጥሞና አዳምጦ «አይዞሽ እህቴ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ጎማ ካለሽ ግን አምጪ» አላት።

ከዚያ መዝገበ ቃላቱን አወጣች። ካርዱን ቃል በቃል እየፈታች አነበበችው፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀባት፣ መጨረሻው ላይ አለቀሰች። በዚያው ቋንቋ ስለ እናታቸው አንድ ገጽ ጽፋ በፖስታ ላከች።

በሳምንቱ ደብዳቤዋ ራሱ ተመልሶ መጣ። ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ሆኗል። የመምህሩን እናት በወንድ ፆታ ጽፋቸው ነበር፤ ባቡር ጣቢያም ሳያስፈልግ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ከታች በአማርኛ «ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት። ግሦቹን አጥኚ» ይላል።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ የሸክላ ሥራ ትምህርት አለባት። ያው፣ አሁን የያዘችው እሱን ነበር፤ መምህሯም ስልኳ ላይ ገና ያልተመዘገበች አሥራ ሁለተኛ ናት። ረቡዕ ሸክላ ሠሪዋ ጋ ሄደች። አንገቴን አሞኛል፣ ጭቃ አይስማማኝም፣ ወንድሜ ሞቶ… ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ነበር።

«ከእንግዲህ አልመጣም» አለች፤ «ሌላ ትምህርት ልጀምር ነው። ያንቺን ወድጄው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ።»

ሸክላ ሠሪዋ ቀና ብላ አየቻት። «እሺ» አለች። «ሳህንሽ ግን ገና እሳት አልገባም። ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂው። ስትወጪ ወንበርሽን ጥረጊ።»

ጨርቁን ነክራ ጭቃውን ከወንበሩ ጠረገች፤ እጇን ታጥባ ወጣች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ከምሰሶዎቹ በአንዱ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አየች። ቆማ አነበበችውና ቁጥሩን ጻፈች።