አራተኛዋ ደላላ

በጋናዋ የወደብ ከተማ በታኮራዲ፣ ከገበያው ጀርባ ካሉት የቤት ደላሎች፣ ቤታቸውን ሊሸጡ የፈለጉ አንዲት ሴትዮ ሦስቱን አነጋግረው ትተዋቸዋል። አራተኛዋ አራባ ናት። ሴትዮዋ የሐዘን ጥቁር ቢለብሱም ራሳቸው ላይ ደማቅ ቢጫ ሻሽ ጠምጥመዋል። የተሰጣቸውን ወንበር ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ። ለገበያ ዓሣ በጭስ ሲያደርቁ የኖሩበት እሳት ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል።

«የባሌ ወንድም መጥቶ ‹ቤቱ የእኛ ነው› ብሎ ቢጮህብሽ ምን ትይዋለሽ?»

«መቼም በሽማግሌ...»

«ሦስቱም ያሉኝ ይህንኑ ነው» ብለው ተነሡ።

አራባ አፈረች። «ይቆዩ እማማ። ካርታውን አሳየኝ እለዋለኋ።»

ተመልሰው ተቀመጡና ከመቀነታቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። የቤቱ ካርታ ላይ ያለው ስም የእሳቸው ብቻ ነው።

«ባልዎ ያውቁ ነበር?» አለች አራባ ቀስ ብላ።

«እንዴት አያውቅም? ሰው ፊት ግን ባለቤቱ እሱ መስሎ እንዲኖር ተውኩት፤ እወደው ነበራ። ወንድሞቹን አልወዳቸውም። የሽያጭ ማስታወቂያውን የቤቱ በር ላይ ለጥፊ፤ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው።»