የአክስቴ የዘር ዝንጅብል

የዕፅዋት በሽታ ተምሬ ሶዶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ረዳት መምህርት በሆንኩበት ሰሞን አፌ አያርፍም ነበር። ገበያ ወጥቼ ቲማቲም ከመግዛቴ በፊት በሽታውን እናገራለሁ። ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "መጣች ደግሞ!" ይላሉ። እንዲህ ያለሁ ሰው ቦምቤ ገጠር ያለችው አክስቴ ዘንድ ሄጄ ዝም ልል ነው?

አክስቴ ልጇን ድራ ደስታዋ ሌላ ነበር። ሙሽሪት ከአማቷ ጓሮ ጋር በተያያዘ ቁራሽ መሬት የመጀመሪያዋን ዝንጅብል ልትተክል ነው፤ ዘሩን ይዛላት የምትሄደው ደግሞ እናቷ ናት። አክስቴ ከማሳዋ ወፋፍራሙን መርጣ ግቢው መሀል አስጥታዋለች። እኔ ግን በክረምቱ ከማሳዋ ጥግ ጥቂት ተክሎች ድንገት ሲጠወልጉ አይቻለሁ። እሷ ውሃ በዝቶበት ነው ብላ አልፋዋለች። በዚያን ጊዜ አጠውልግ የሚሉት በሽታ የስንቱን ዝንጅብል ጠራርጎ ነበር።

"አክስቴ፣ ይሄ ዘር አይሆንም። ታሟል" አልኳት።

"ይሄ ነው የታመመው? ከአንቺ እኮ ይወፍራል!" ብላ ሳቀችብኝ።

ቁጭ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ባክቴሪያው በሥሩ ጭረት ይገባል፣ ከዚያ መርፌ በመሰለች ነገር የራሱን ፕሮቲን ተክሉ ውስጥ ይወጋል...

"ፕሮቲን?" አቋረጠችኝ። አክስቴ የአንድ ለአምስት መሪ ናት፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ ያለቻትን አትረሳም። "ፕሮቲንማ እንቁላል ነው፣ ባቄላ ነው። ከቀለበው ታዲያ ምን አጠፋ?"

በሳቅ ፈረስኩ። ሳቄ ሲያባራ በወላይትኛ እንደገና ጀመርኩ። "ሌባ ግቢሽ ሲገባ ለውሻው ሥጋ ይወረውር የለ? ውሻው ሥጋውን ሲበላ እሱ ቤቱን ያራቁታል። ይሄም ፕሮቲን እንደዚያ ነው፣ ተክሉ እንዳይጮህ ዝም ያሰኘዋል። ተክሉ ጤነኛ መስሎ ቆሞ ይዘረፋል። ባክቴሪያው ውስጥ ውስጡን ተራብቶ የውሃ መንገዱን ሲደፍነው ነው ዝልፍልፍ የሚለው።"

"እስቲ አሳዪኝ" አለች፤ ሳቋ ጠፍቷል።

ብርጭቆ ውሃ አመጣሁ። እሷው የመረጠችውን አጥቤ ቆረጥኩና ቁራጩን ውሃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ጥቂት ቆይቶ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከቁራጩ እየተወዛወዘ ወረደ፤ ባክቴሪያው ነው። ሌላ ቆረጥን፤ ያው ነው። አክስቴ መሬት ላይ ዘፍ አለች። "ወይ ጌታዬ! ይሄን ነው ለልጄ?"

የምትይዘው ጠፋት። ያለ ዘር አማቾቿ ቤት መድረስ ለእናት ትልቅ ኀፍረት ነው፣ የመሄጃው ቀንም ተቆርጧል። ከገበያ እንግዛ ብላት "የገበያውንስ ማን አየለት?" አለችኝ። እውነቷን ነው። አንጀቴን በላችው። በመጨረሻ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች።

"በሽታ ተሸክሜ ከምሄድ ባዶ እጄን ሄጄ ልፈር። አንቺም አብረሽኝ ትሄጃለሽ፣ ጉዱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ!"

ቀኑ ሲደርስ ሞተር ላይ ከነጂው ኋላ ተጣብቀን ሄድን። በክብር ተቀበሉን፣ ምሳ ቀረበ። ሰው ሁሉ ጆንያው የታል እያለ በር በሩን ያያል። አክስቴ ሳትቀምስ ተነሥታ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሌባውን፣ ውሻውን፣ ፕሮቲኑን፣ ከእኔ አሳምራ። ሙሽሪት ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

የሙሽሪት አማት ቀስ ብለው ብድግ አሉ። "የእኛስ ዝንጅብል?" አሉ።

ተያይዘን ጓሮ ወጣን። እሳቸው ቆፈሩ፣ እኔ አጥቤ ቆርጬ ውሃው ውስጥ አንጠለጠልኩ። ጠበቅን። ውሃው ኩልል እንዳለ ቀረ። ከሌላውም ጥግ ቆፈርን፤ ኩልል። ይሄ ሙሉ ዋስትና አይደለም ልል አፌን ስከፍት አክስቴ እልልታውን አቀለጠችው፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔም ለአንድ ቀን እንኳ ዝም ልበል ብዬ አብሬ እልል አልኩ።

አማትየው ከዚያው ጓሮ ለሙሽሪት ዘር ቆፍረው ሰጧት። አክስቴ እያለቀሰች አቀፈቻቸው። "እኔ እናቷ ያጣሁትን እርስዎ ሰጧት!"

"ኧረ ይተዉ!" አሉ አማትየው፣ እሳቸውም እያለቀሱ። "እርስዎ ኀፍረቱን ፈርተው ያን ዘር ይዘውት ቢመጡ ኖሮ የእኔም ጓሮ አብሮ አልቆ ነበር።"