በደብዳቤ መጻፊያ የተከፈተው ጸሎት

ሚስቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የጸሎት መጽሐፏን ማንበብ አቃታት። ልጃችን አግብታ ለቡ ነው የምትኖረው፤ በየጠዋቱ መካኒሳ ድረስ መጥታ ልታነብላት ስለማትችል የየቀኑን ጸሎት በራሷ ድምፅ ቀድታ ኮምፒውተራችን ላይ ጫነችላት። ሰባት ፋይል፣ ከሰኞ እስከ እሑድ። የዕለቱን መክፈት የኔ ሥራ ሆነ። ሚስቴ ጸሎቷ ሳያልቅ እህል አትቀምስም፤ እኔ ደግሞ ማውዙን ስይዝ መነጽሬን አስተካክዬ «ባለሙያ ሲሠራ አይረበሽም» ማለት እወዳለሁ።

አንድ ረቡዕ ፋይሉን ስጫነው ኮምፒውተሩ በምን ልክፈተው ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም። ከተደረደሩት ፕሮግራሞች የማውቀው የእድራችንን ደብዳቤ የምጽፍበትን ብቻ ነበርና እሱን መረጥኩ። ከሥሩ «ሁልጊዜ» የምትል ባዶ ሳጥን አለች። ዕድሜውን መዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው ባዶ ሳጥን አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ምልክት አደረግኩባት።

የልጄ ድምፅ ቀርቶ ገጹ በማይነበብ ምልክት ተሞላ። የሐሙሱን ሞከርኩ፣ ያው። የእሑዱም ያው። ልጄ ከሥራ እየተመለሰች ስንት ቀን ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ያነበበችውን በአንድ ጣቴ አጠፋሁት ብዬ በላብ ተጠመቅኩ።

«ምነው ዝም አለች?» አለች ሚስቴ ከኋላዬ፣ ነጠላዋን ተከናንባ እንደቆመች።

«ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው።»

«አምና የተቀዳ ጉሮሮ ዛሬ ይጠረጋል?»

መጽሐፏን አንስቼ ራሴ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ ጸሎት የማነበው እንደ ቃለ ጉባኤ ነው። አንድ መስመር ዘለልኩ፤ በቃሏ መለሰችኝ። ብቻዋን አትወጣውም እንጂ ሰው ሲሳሳትባት ታውቃለች። ደግሜ ሳትኩ፣ ደግማ መለሰችኝ። እንዲህ እየተጓተትን ጨረስን።

«በል አሁን ያጠፋኸውን ለልጅህ ንገራት» አለችኝ።

ደወልኩና ተናዘዝኩ።

«አባዬ፣ ምንም አልጠፋም» አለች ልጄ እየሳቀች። «ድምፁ እንዳለ ነው። በደብዳቤ መጻፊያው እንዲከፈት አዘኸው ነው። ፋይሉን በማውዙ ቀኝ ጫነው፣ በሌላ ፕሮግራም ክፈት የሚለውን ምረጥ፣ ከዚያ የድምፅ ማጫወቻውን። ሁልጊዜ የሚለው ላይም ምልክት አድርግ።»

«እሱን እንኳ አታስተምሪኝ።»

እንዳለችኝ ሳደርግ ድምፅዋ መጣ። መቀመጫዬ ላይ ዘፍ አልኩ። ሚስቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ጥቂት አዳመጠችና «ዝጋው» አለችኝ።

«ምነው?»

«የዛሬውን ጸልየናል። ደግሞ እሷን ልከተላት ስል ታልፈኛለች። አንተ ትጠብቀኛለህ። ረቡዕን አንተ አንብብልኝ።»

«የምጠብቅሽ እኮ መስመሩ ስለሚጠፋኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችና የቀዘቀዘውን ሻይ ልታሞቅ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ጠዋት ኮምፒውተሩ አይከፈትም።