ጀርባ ለጀርባ የታሰሩት

ሰፈሩ ሁሉ «ገጣሚዋ» ይላታል እንጂ መተዳደሪያዋስ ልብስ ስፌት ነው። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የሰፋ ቀሚስ ታጠባለች። ስንኝ የሚመጣላት የስፌት መኪናውን ስትረግጥ ነው። ደንበኞቿ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ሲሏት «ከክሩ ጋር» ትላለች።

ያሳደገቻት አክስቷ ናት። እናቷ ፋብሪካ በፈረቃ ስትሠራ፣ ፀጉሯን የምታበጥርላት፣ መርፌ አያያዝ ያስተማረቻት እሷ ነበረች። አክስቷ ባለትዳር ነበረች። አንድ ቀን ባሏን ትታ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ሄደች። ወሬው ገና ሳይበርድ መኪናቸው ገደል ገብቶ ሁለቱም ሞቱ። ሰው «በኃጢአታቸው ላይ እንዳሉ ተጠሩ» አለ። እናት አልተከራከረችም። የታናሽ እህቷን ፎቶ ከግድግዳ አወረደች፤ ስሟንም ዳግመኛ አላነሳችም።

ገጣሚዋ ያንን ግጥም የጻፈችው ሽበት ማውጣት ከጀመረች በኋላ ነው። በግጥሙ አንዲት ሴት ወደ ሲኦል ትወርድና በሥጋ ምኞት የተቀጡትን ታያለች። ጥንዶቹ ጀርባ ለጀርባ ታስረዋል። የአንዱ ትንፋሽ ለሌላው ይሰማል፣ ፊት ለፊት ግን አይተያዩም። ጠባቂው «እለፊ፣ የሥራቸውን ነው ያገኙት» ይላታል። እሷ ግን እግሯ አልሄድ ብሏት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ግጥሙ እዚያ ላይ ያበቃል።

እሁድ ከሰዓት በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የግጥም ንባብ ነበር። ለእናቷ አልነገረቻትም። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ግን ደስ የሚላት መስሎት እናትየዋን ይዟት መጣ። ገጣሚዋ መድረክ ላይ ሆና ቀና ስትል፣ እናቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሌላ ግጥም ላንብብ ብላ አሰበች፤ የያዘችው ግን ያንኑ ብቻ ነበር። አነበበች። ሰዉ አጨበጨበ። እናቷ አላጨበጨበችም።

ቤት ገብተው በሩ እንደተዘጋ እናት «እሷ ናት አይደል?» አለች።

«አዎ እማዬ። ላስከፋሽ ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አሰርሻቸው?»

«እኔ መች አሰርኳቸው? ጠባቂው ነው እንጂ።»

«ግጥሙ ያንቺ አይደል እንዴ? ፍቺያቸው። መፍታቱ ካልሆነልሽም ፊታቸውን አዙሪላቸው። እሷ ጨለማ ትፈራለች። ልጅ ሆነን ፊቴን ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።»

እናት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስሟን ከጠራሁ ጥፋቷን ልክ ነው ያልኩ እየመሰለኝ ነው ዝም ያልኩት» አለች። «ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እሳት ውስጥ ነው የማያት። ከኔ ሌላ የሚያዝንላት ሰው ያለ አልመሰለኝም።»

«ታለቅሺላት ነበር?»

«ሽንኩርት ስከትፍ።»

ተያዩ፤ መጀመሪያ የሳቀችው እናት ናት። ልጅ ተከትላ ሳቀች፣ ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ መልሰው ሳቁ።

በማግስቱ ገጣሚዋ ግጥሙን አስተካከለችው። ጠባቂው ዞር ሲል ሴትዮዋ ገመዱን በመቀስ ትቆርጠዋለች። ጥንዶቹ ዞረው ሲተያዩ፣ የሚቀራቸው ቅጣት ቢኖር እንኳ አብረው ይችሉታል። እናት እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እፎይ» አለች፣ «አሁን ገና ደረቴ ቀለለኝ።» ያን ቀን ከሰዓት ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች፣ ልጇ ስፌት መኪናውን እያንጫጫችባት እንኳ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ።

አሁን በዚያ ቤት የአክስት ስም እንደ ልብ ይነሳል። እናት ስፌት ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ እህቷ ጫማዋን ሰርቃ ለጭፈራ እንደሄደች፣ ተረከዙን ሰብራ ስትመለስም በድመቷ እንዳሳበበች ታወራለች። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ደንበኛ ሳይቀር ወንበር ስቦ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላታል።