የማርያማዊት ጽሕፈትና የአባቷ ቁጣ

ጋሽ ጓንጉልን ያገኘኋቸው ሲኒማ ራስ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ከሰልፉ ወጣ ብለው ለብቻቸው ያጉተመትማሉ። ሰላም ስላቸው እጄን ያዙና ሳይለቁ፣ "በጥበቃ አስወጡኝ" አሉኝ። "የልጄን ጉዳይ ልጠይቅ ትምህርት ቤት ብገባ፣ እንደ ሌባ።"

ለማያውቃቸው ልንገር። ጋሽ ጓንጉል ሶማሌ ተራ፣ ከጅምላ ሱቆቹ ፊት ለፊት፣ ወደ ክፍለ ሀገር በሚጫን ዕቃ ላይ አድራሻ ይጽፋሉ። ነጋዴው የተቀባዩን ስምና ከተማ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው በወፍራም ማርከር ጆንያው ላይ ያሰፍሩታል፣ ተሸካሚው አንብቦ ወደ ደሴው ወይም ወደ ጅማው አይሱዙ ይሮጣል። በልጅነታቸው ከጎጃም መጥተው እዚያው ሲሸከሙ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲል ነው ወደ ጽሕፈቱ የዞሩት። ቁጡ መሆናቸውን የማያውቅ በሰፈሩ የለም። ብቻ ሲቆጡ የሚሉት ነገር አላቸው፤ እኔም ለዚህ ነው ቆሜ የምሰማቸው።

ልጃቸው ማርያማዊት ዘጠነኛ ክፍል ናት። የታሪክ መምህሯ "ዶሮ የጫረውን አላርምም" ብሎ የፈተና ወረቀቷን በዜሮ መለሰላት። በስንት ልመና ዛሬ እንደገና እንድትፈተን ተፈቀደላት፤ ካላለፈች ክፍል ትደግማለች።

ጋሽ ጓንጉል መጀመሪያ የተቆጡት በእሷው ነበር። ስልኳን ቀሙ፣ ዳዊት ዘርግተው ገልብጪ አሏት፣ ጣቷን በማስመሪያ መቷት። ባሰባት። በመጨረሻ፣ ትልልቅ አድርጋ ስትጽፍ እጇ ይፍታታል ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራቸው ቦታ ይዘዋት ይመጡ ጀመር። የመጀመሪያ ቀን ሙናዊር የሚባለው ተሸካሚ ጽሕፈቷን ጎንበስ ብሎ አየና፣ "እህቴ፣ ይሄ የሐኪም ማዘዣ ነው፤ ፋርማሲ ልውሰደው?" አላት። ተራው ሁሉ ሳቀ። እሷም እየሳቀች ሰርዛ ጻፈችው። ሲውል ሲያድር ሙናዊር ጽሕፈቷን ከመንገድ ማዶ ያነበው ጀመር። ደብተሯ ላይ ግን ያው ጭረት ነው።

"እልህ መሰለኝ" አሉኝ። "እዚህ የሚታዘዝ እጅ እዚያ ለምን እምቢ ይላል ብዬ ጮህኩባት። ምን አለችኝ መሰለህ? 'አባ፣ አንተ ስትነግረኝ እስክጽፍ ትጠብቀኛለህ' አለችኝ።"

ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ለልጆቹ መጽሐፍ የለም። ያለውን አንዱን መምህሩ ይዞ እየተንጎራደደ ያነባል፣ እነሱ ከአፉ እየተሻሙ ይጽፋሉ። ያመለጠው አመለጠው፤ ይደገምልን ያለ ይሰደባል። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ የጻፈችው በሩጫ ነው፣ እጇም ሩጫውን ለመደ። ጋሽ ጓንጉል እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰልፈኛው ዞሮ አየን። "ያስሮጣትም እሱ፣ ተደናቀፍሽ ብሎ የሚጥላትም እሱ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማስመሪያውን ጥለው፣ እሳቸው ቀስ ብለው እያነበቡላት እሷ ቀስ ብላ እየጻፈች ሰነበቱ።

ዛሬም ተረጋግታ ጻፈች። ግማሽ ላይ ሳለች መምህሩ ሰዓት አለቀ ብሎ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደው። እዚያው አርሞ ወድቀሻል አላት፤ "ቀርፋፋ" የምትል ቃልም መረቀላት። በር ላይ ሲጠብቁ የነበሩት አባቷ ገብተው የዩኒት ሊደሩን ጠረጴዛ ደበደቡ፣ ጥበቃ ተጠራ። ልጅቷ እያለቀሰች ቀድማቸው ወደ ቤት ሄደች።

ወረቀቱን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝ። ስለ ሲራራ ነጋዴዎች ነው። እንደቆምኩ አነበብኩት፤ አንድም ቃል አላቆመኝም። "ነጋዴዎቹ ጨዉን በበቅሎ ጭነው" ይልና እዚያው ላይ ይቀራል።

ላረጋጋቸው ብዬ ነበር የምሰማው፣ እኔም ደሜ ፈላ። ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥርት ብሎ ይነበባል አልኳቸው። ሰኞ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው አቤት እንደሚሉ፣ እዚያም ካልሰሟቸው ከበሩ እንደማይነሱ ነገሩኝ። ይህን እያወራን ታክሲያቸው መጣ። ረዳቱ ግቡ ግቡ እያለ ሲያጣድፋቸው በሩን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

"እንግዲያው ቤት ጎራ በልና ጥርት ብሎ ይነበባል ያልከኝን ንገራት" አሉኝ። "አንተ ብትላት ታምናለች። እኔ ዛሬ ምን ብናገር ቁጣ ነው የሚመስላት።"